የድርጅቱ ዋስ

አያ ውዱ ዋስ ከሆኑ ነገር አለቀ ነበር። በራያ፣ ከሮቢት እስከ ዋጃ የሚያውቃቸው ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ሲታረቁ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ «ዋስ ጥሩ» ሲባል፣ ሁለቱም ወገን አንገቱን የሚያዞረው ወደ እሳቸው ነው። ሀብታም አልነበሩም፤ ጥንድ በሬና ቁራሽ የማሽላ መሬት ነው ያላቸው። ስማቸው ግን ስም ነበር!

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ለሽንኩርት እርሻ ዋስ የሆኑት።

እርሻው ከመንደሩ በላይ አንድ ድርጅት የከፈተው ነው። ከመሬት ሆድ በፓምፕ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ውጭ አገር ይልካል። በመጣ በሁለተኛው በጋ፣ ሰውም ከብትም የሚጠጣበት ኤላ፣ ያ የአባቶች ጉድጓድ፣ ገመድ አልደርስ እስኪለው ድረስ ውሃው ወረደ። ጎረምሶቹ አጥር መቁረጥ፣ ግመል ሽንኩርት ላይ መልቀቅ ጀመሩ። ፓምፕ በድንጋይ ተሰበረ፤ ልጆችም ታሰሩ።

ያኔ ነው የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ናትናኤል፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሽማግሌ ፊት የቀረበው። ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ነገሩን አስረዳ።

«ለእናንተ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ አልዋሻችሁም» አለ። «የውጭ ገዢዎች ውሃ የማይጨርስ፣ ጎረቤቱን የማያስለቅስ እርሻ ነው የሚፈልጉት። ዋጋም ይጨምሩልናል። ባንክም ያምነናል። እናንተ ከጠበቃችሁልኝ ደግሞ አጥርም ዘበኛም ይቀርልኛል። እናንተ ውሃ ስታገኙ እኛ እናተርፋለን።»

ልጁ አልዋሸም። ከሚያዝያ እስከ ክረምት መግቢያ ለኤላው የቀረቡትን ፓምፖች ሊዘጋ፣ መንደሩም እርሻውን እንደ ራሱ ማሳ ሊጠብቅ ተስማሙ።

«ዋሱስ?» አለች ሀስና። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ለማንም የማይታጠፍ ሴት ናት። «ይኼ ልጅ እዚህ አገር ዘመድ የለው። ነገ ቢክድ ማንን ልንይዝ ነው?»

ልጁ አሳዘናቸው መሰለኝ፣ አያ ውዱ ብድግ አሉ። «እኔን ያዙ» አሉ።

ናትናኤል በአባቱ ስም ማለ። መንደሩም፣ ገና ላልተወለዱት ልጆቹ ሳይቀር፣ የእርሻውን ቅጠል ላይነካ ማለ። ወይ የኛ ነገር! ሰውየውን አማልን፤ ድርጅቱን ማን አማለው? ድርጅትም እንደ ጎሳ መስሎን፣ አንዱ ሲምል ሁሉም የማለ መስሎን።

ጥቂት ዓመት አማረ። ኤላው ሞላ፣ አጥሩ ተነሣ። ከመኪና የወደቀ የቲማቲም ሣጥን እንኳ ጎረምሶቹ ተሸክመው ይመልሱ ነበር። ድርጅቱም ናትናኤል እንዳለው አተረፈ። ፈረንጆች መጥተው ኤላውን አዩ፤ አያ ውዱን ፎቶ አነሧቸው። ፎቶው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ሆኖ አስፋልቱ ዳር ተሰቀለ፤ «ውሃችንን ከጎረቤቶቻችን ጋር እንጠብቃለን» ይላል። የቆቦ ገበያተኛ በሚኒባስ ሲያልፍ «አያ ውዱ ባለሥልጣን ሆኑ!» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

ኋላ ናትናኤል በዚያው ትርፍ ተሹሞ አዲስ አበባ ገባ። በቦታው ቤተልሔም የምትባል መጣች። ድርጅቱ መሬት ጨመረ፣ ፓምፕ ጨመረ። ሚያዝያ ገባ፤ ፓምፖቹ አልተዘጉም። ግንቦት ላይ ኤላው ጭቃ ብቻ ሆነ። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ጎሊና ወንዝ ድረስ መውረድ ጀመሩ። የሀስና ላሞች ዓይኗ እያየ በጥም አለቁ።

አያ ውዱ ቢሮ ሄዱ። ቤተልሔም ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ክፉ ሴት አይደለችም።

«አባቴ፣ እኔ እኮ አልማልኩም» አለች። «የሽንኩርቱ ውል ተፈርሟል። ውሃ ካጣ ገዢው ጥሎን ይሄዳል።»

«ገዢው የመጣው ውሃውን ስለተዋችሁልን አይደለም እንዴ?»

«እሱማ ልክ ነው፤ አሁን ግን ስማችን ገዢው ዘንድ አንዴ ገብቷል» አለች።

«እንግዲያው ፊቴን ከዚያ ሰሌዳ ላይ አውርዱልኝ።»

«እሱ የዋናው መሥሪያ ቤት ውሳኔ ነው፣ አባቴ።»

እዚያው በራፉ ላይ ቆመው ለናትናኤል ደወሉ። «አያ ውዱ፣ እኔ አሁን ሌላ ክፍል ነኝ» አላቸው፤ ድምፁ አፍሯል።

ሲመለሱ ፓምፖቹ ዘንድ ጠመንጃ የያዙ አዲስ ዘበኞች አዩ። አንደኛው «ወደ ፓምፕ የቀረበን ምቱ ተብለናል፤ ልጆችዎን ይምከሩ» አላቸው። ምክር! ራያን በጠመንጃ አስፈራርቶ የመለሰ ማን አለ? ይህን ቢነግሯቸው ጎረምሶቹ በዚያው ዕለት ወደ ፓምፖቹ ይወጣሉ። አያ ውዱ ለሚስታቸው እንኳ ሳይተነፍሱ በሆዳቸው ያዙት።

የቀራቸው አንድ ነገር ነበር። በኛ አገር አንዱ ወገን ሲክድ ዋሱ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ዋስነቴ ፈርሷል» ይላል፤ ያኔ የሌላውም መሐላ ይፈርሳል። እሱ ሳይል ግን ማንም እጁን አያነሣም። ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ የጠበቀው ይህንኑ ቃል ነው። የሀስና ልጅ ረዲ ተነሣ።

«አያ ውዱ፣ አንድ ቃል ነው የምንለምንዎ። ፈርሷል ይበሉን። የቀረውን ለእኛ ይተዉት።»

አዩት። አባቱ የሞተ ጊዜ ከቀብር አቅፈው የመለሱት ልጅ ነው። ከኋላው ያሉትንም አዩ፤ ዱላ ያልያዘ የለም።

«አልፈረሰም» አሉ።

ዋርካው ሥር ሁካታ ሆነ። ሀስና ሰዉን እየገፋች ወጣች። «ላሞቼ አልቀው፣ ኤላው ጭቃ ሆኖ፣ አልፈረሰም? ወላሂ፣ ፊትህን አስፋልት ላይ ስለሰቀሉልህ ነው! በምን ሸጥከን፣ ውዱ?»

«አያ» እንኳ አላለቻቸውም። «በልጅሽ» የሚል ቃል ከጉሮሯቸው ደርሶ ነበር፤ ረዲ ቆሞ ይሰማል። ዋጡት።

ረዲ ዱላውን ጥሎ የእናቱን ጀሪካን ተቀበለና ወደ ጎሊና ወረደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ሲያልፉ ለአያ ውዱ እግዜር ይስጥልኝ ቀርቶ ደህና ዋሉ ያላቸው አልነበረም።