ባይፈጸም የሚያስከትለው ወጪ

የትምህርት መጀመሪያ ዕድሜ ከሰባት ዓመት ወደ አምስት ዝቅ ቢል ስንት ወጪ እንደሚያስከትል በሰባት ቀን ውስጥ ተጠንቶ ይቅረብ የሚል ደብዳቤ ግንቦት 2014 ላይ ከዞኑ ትምህርት መምሪያ ደረሰን። ትምህርት ቤታችን ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ እኔ ሙሄዲን ነኝ። ያኔ በጦርነቱ የሠፈረብን ጦር ከግቢያችን ለቆ ከሄደ አምስት ወር አልፎት ነበር። በፊት ስምንት መማሪያ ክፍል ነበረን፤ አሁንም ስምንት ነው፤ ጣሪያ ያላቸው ግን አምስቱ ናቸው።

ጥናቱን የሚሠራው ባለሙያ ከወልድያ በሚኒባስ መጣ። ስዩም ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው። የቢሮው ኮምፒውተሮች በጦርነቱ ስለተወሰዱ ቅጹን በማስመሪያ አስምሮ፣ በእጁ ጽፎ ነው የመጣው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጀመርን።

«ነባር ዴስክ?» አለኝ።

«ዜሮ።»

«ምክንያት?»

«ወጥ ተሠርቶበታል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጦሩ እዚህ ሠፍሮ ሲከርም ዴስኩን ለማገዶ፣ የተማሪ መዝገቡን ለማቀጣጠያ እንዳደረገው ነገርኩት።

«ቅጹ ላይ ያለው "በእርጅና" እና "በስርቆት" ብቻ ነው» አለ ትንሽ አሰብ አድርጎ። «በእርጅና ልበለው?»

«በለው።»

ዴስኮቹ የተገዙት ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር።

ችግር የመጣው ሕፃናቱን ለመቁጠር ስንነሳ ነው። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ የለም። እኛ ዘንድ ዕድሜ የሚለካው በጆሮ ነው፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከያዘ ሰባት ሞልቶታል ይባልና ይመዘገባል፤ ካልያዘ ይመለሳል። እናቶች ይህን ስለሚያውቁ ምዝገባ ሲቃረብ የልጆቻቸውን ክንድ እየጎተቱ ያለማምዳሉ። እኔም አንድ ዓመት «አንገት ማዘንበል ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ ደርሼ ነበር። ለአምስት ዓመት ግን የሚያዝ የአካል ክፍል የመደበ የለም።

ስዩም የራሱን እጅ አናቱ ላይ አሳልፎ ጆሮውን እየዳበሰ ቆየ። «በዓመት አንድ ጣት እንቀንስ» አለ በመጨረሻ። «ጆሮው ላይ ለመድረስ ሁለት ጣት የሚጎድለው አምስት ዓመቱ ነው። አንድ ጣት የሚጎድለው ስድስት።»

አንድ ጣት የጎደለው ልጅ አውቅ ነበር፤ ዓሪፍ ይባላል። ጥር ላይ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እናቱ ዘሀራ ይዛው መጣች። ባሏ በጦርነቱ እንደወጣ ቀርቷል፤ እሷ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የቀን ሥራ እየሠራች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። «የሚጠብቅልኝ ሰው የለኝም መምህር፤ አንቱ ዘንድ ይዋልልኝ» ብላ ለመነችኝ። እኔ ደንብ አክባሪው በጣቴ ለክቼ፣ አንድ ጣት ይቀረዋል፣ ለከርሞ አምጪው አልኳት። መጋቢት ላይ ዓሪፍ ማሽላ ከተነሳበት ማሳ ውስጥ ጦሩ ጥሎት የሄደ ነገር አገኘ። በድንጋይ ሲመታው ፈነዳ። በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን ነበረበት፤ የመለስኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ላይ ዘሀራ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስዩም በመጣ በነጋታው እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰለፉ። ዘሀራም ትንሿን ልጇን ሉብናን ይዛ መጣች።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ባምስት ዓመት መቀበል ተጀመረ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች። «ሥራ ስሄድ በር ቆልፌባት ነው የምወጣው። ወላሂ ቀኑን ሙሉ እዚያው በሩ ላይ ነው ሐሳቤ።»

ሉብና ምላሷን ነክሳ እጇን አናቷ ላይ አሳለፈች። ለካኋት። ሁለት ጣት ይጎድላታል።

«አምስት» አለ ስዩም፣ ጻፈ።

«እና ገባች?»

«ይኼ ጥናት ነው እንጂ ምዝገባ አይደለም እህቴ። መጀመሪያ ወጪው ይታያል።»

«እንግዲያው እስኪታይ ልጠብቅ» አለችና ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሌሎቹ ሁሉ ሲሄዱ እሷ አልተነሳችም።

አንድ መቶ አርባ ሦስት ልጅ ተቆጠረ። ሦስት ክፍል፣ ሦስት መምህር፣ አርባ ስምንት ዴስክ። ስዩም ድምሩን ሁለት ጊዜ ሠራው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስለበለጠበት የመጀመሪያውን ያዘ። እሱም ቢሆን ከአቅም በላይ ነው፣ ዕድሜው በሰባት ይቀጥል ብሎ ደመደመ። የቀረው ተራ ቁጥር አሥራ አራት ብቻ ነበር፦ ባይፈጸም የሚያስከትለው ወጪ። «የለም» ብሎ ሞላውና እስክሪብቶውን ከደነ።

«ታየ?» አለች ዘሀራ።

«ታይቷል። ከአቅም በላይ ነው እህቴ።»

ተነስታ ቅጹን ከላይ ሆና አየችው። ማንበብ አትችልም። «ይቺ የመጨረሻዋ ለብቻዋ አጠረች። ምን ትላለች?»

ስዩም በትዕግሥት አስረዳት። «ዕድሜው ሳይቀነስ ቢቀር የሚመጣ ወጪ አለ ወይ ነው ጥያቄው። የለም ብያለሁ።»

ዘሀራ አላለቀሰችም፤ ድምጿም ከፍ አላለም። «እሱን ያጥፉት» አለችው። «ዓሪፍ ብለው ይጻፉ።»

ስዩም ወደ እኔ ዞረ። እሷ ፊት መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩ። «ልጇ ነው። ጥር ላይ አንድ ጣት ይጎድልሃል ብዬ መለስኩት። መጋቢት ላይ ፈንጂ ገደለው።»

ስዩም እስክሪብቶውን እንደገና ከፈተ። «የለም» የሚለውን በማስመሪያ ሰረዘና «ዓሪፍ» ብሎ ጻፈ። በብር የሚለውን ዓምድ ባዶ ተወው። ከዚያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ባጃጅ ሊጠብቅ ወጣ። እኔ ሉብናን ዕድሜ ሰባት ብዬ አንደኛ ክፍል መዘገብኳት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለዓሪፍም ከዚህ አይበልጥም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ጥናቱ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ዕድሜው በሰባት ይቀጥላል። አንድ እርማት ብቻ ታዟል፦ «በተራ ቁጥር 14 የተሞላው "አሪፍ" የሚለው ቃል የአራዳ ቋንቋ በመሆኑና ለመንግሥት ሰነድ የማይመጥን በመሆኑ፣ ተሰርዞ በምትኩ "የለም" ተብሎ ይላክ።»

ከሰዓት ዘሀራ ሉብናን ልትወስድ መጣች። ደብዳቤውን እጄ ላይ አየችው።

«ከወልድያ ነው?»

«አዎ።»

«ስሙን አነበቡት?»

«አንብበውታል» አልኳት።