አዲሱ የማያውቀው ማተሚያ

«ተው! ያንን ሳጥን ካለበት ንቅንቅ እንዳታደርገው!»

የትምህርት ቤቱን ወረቀቶች በብሬል የምታትመው ሠራተኛ ከበሩ ሆና ጮኸች። ዓይኗ ባያይም ጆሮዋ አይሸወድም፤ ኮምፒውተሯ ጠረጴዛው ላይ ሲጎተት ከኮሪደሩ ሰምታዋለች።

«እትዬ፣ ትእዛዝ ነው» አለ ቴክኒሻኑ ደንግጦ። «የዚህኛው ሲስተም ድጋፉ ተቋርጧል። አዲስ አምጥቼልዎታለሁ።»

«አዲሱ ማተሚያዬን ያውቀዋል?»

ማተሚያው የልብስ ስፌት መኪና የሚያህል፣ ወፍራም ወረቀት ላይ ነጥብ የሚወቅር ብረት ነው። ቴክኒሻኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያውቀውም። ገመዱን ባገናኘውም አልቀበልህ አለኝ። በከርሞ በጀት ሌላ ማተሚያ ይገዛል ተብሏል።»

«ፈተናው ሐሙስ ነው! በጣታቸው የሚያነቡ አሥራ አንድ ልጆች አሉኝ። ጥያቄያችሁ ለከርሞ ይደርሳል ልበላቸው?»

«ሰው ያነብላቸዋል…»

«እኔም ተነቦልኝ ነው የተፈተንኩት። አንባቢዬ የሂሳብ ምልክት አያውቅም ነበር፤ ያላወቀውን እየዘለለ ቁጥር ቁጥሩን ብቻ ነገረኝ።» ድምጿ ሻከረ። «ወደቅሁ። ዓመት ደገምኩ። እነዚህ ግን በሰው ስንፍና አይደግሙም!»

ቴክኒሻኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ክፋት አይደለም እኮ፣ እትዬ። ላረጀ ሲስተም የጥበቃ ማሻሻያ አይመጣለትም። አንድ ቀን ሌባ ቢገባበት ትምህርት ቤቱን በሙሉ ነው የሚያምሰው።»

«በየት ነው የሚገባው?»

«በኔትወርኩ ነዋ።»

የኔትወርኩ መስመር ቢቆረጥ ምን እንደሚከተል ጠፍቷት አይደለም። መምህራኑ ፈተናውን የሚልኩላት በእሱ ነው። ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ወረቀት፣ በዚያ በሚቆረጥማት ጉልበቷ ሦስት ፎቅ መውጣትና መውረድ ሊኖርባት ነው።

«እንግዲያው የሌባውን በር እንዘጋዋለን» አለች። «ያረጀ ሁሉ ይውጣ ከተባለ ግን እኔንም አብረህ ተሸከመኝ።»

ቴክኒሻኑን ሳቅ አመለጠው። «ርእሰ መምህሩን ምን ልበላቸው?»

«እምቢ አለች በላቸው። ፊርማ ካሉህም በነጥብ እፈርማለሁ፤ ማንበቡ የእሳቸው ፈንታ ነው።»

ከጠረጴዛው ጀርባ ዳብሳ የኔትወርኩን ገመድ አገኘችው። ነቅላ ቴክኒሻኑ መዳፍ ላይ አኖረችለትና፣ የሂሳቡን ፈተና ልታመጣ ፍላሿን ጨብጣ ወደ ደረጃው አመራች።