በሦስት ነጥቦች መካከል

"ዘንጉ ጭቃው ውስጥ ሰምጦብህ እንዳይሆን!" አለ ዱጉማ በመለኪያው መነጽር እያየ።

"ድንጋይ ላይ ነው ያቆምኩት፤ አንብብ" አለ ለታ። ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ጭቃ ውጦት፣ ባለቁጥሩን ረጅም ዘንግ አቅፎ፣ በሦስተኛው የቤቶች ረድፍ መሃል ቆሟል።

ዱጉማ ደግሞ አነበበ። ቁጥሩ አልተለወጠም። ለታ የቆመበት መሬት ዱጉማ ራሱ በሠራው ካርታ ላይ ካለው ከፍታ አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲም ዝቅ ይላል። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ቁጥሩን ጻፈ።

ከገሰራ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ያለው ይህ መንደር ገና አራት ወሩ ነው። ገበሬው በየማሳው ጫፍ ከሚኖርበት ተነስቶ በአንድ ቦታ ይስፈር ተብሎ ሲታዘዝ፣ አርባ ቤት በጥር ተሠራ። ረድፉ የወጣው ዱጉማ በኅዳር ለክቶ ባነሳው ካርታ ላይ ነው። ሚያዝያ ሲገባ ዝናቡ መጣ፤ ከትናንት ወዲያ ደግሞ ውሃው ሌላውን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ወረደ። የስድስት ቤት ግድግዳ ፈረሰ። ሰው አልሞተም፤ የዓመቱ እህል ግን ራሰ። በማግሥቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጉቱ "የውሃ መውረጃ ቦይ ሆን ብሎ አላስቆፈረም፣ አሻጥር ሠርቷል" ተብሎ ጎባ ታሰረ። በዚያን ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል የተለጠፈበት ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ዱጉማ ግን የቦይ ነገር እንዳልሆነ አሁን በዓይኑ አየ።

ሞሚና ከፈረሰው ቤቷ ደጃፍ የራሰ ገብስ ቆዳ ላይ አስጥታ በእጇ ታገላብጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሦስተኛው ረድፍ ያረፈበት መሬትም የእሷ ማሳ ነበር።

"አዴ ሞሚና፣ እንደምን አደሩ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ነፍሴ አለች።" ቀና ብላ አየችው። "አንተን ስጠብቅ ነበር። ያኔ በኅዳር ስትለኩ ገብሴን አትርገጡብኝ ብዬ የለመንኳችሁ እኔ ነኝ። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። ጉቱ የታሰረው በእኔ ምላስ ነው?"

"በእርስዎ አይደለም።"

"ማሳውን ብትረግጡ ኖሮ እኮ ጎድጓዳነቱን ታዩት ነበር። በአማቴ ጊዜ ክረምት ክረምት ከብት ውሃ የሚጠጣው እዚሁ ነበር።"

"ለምን አልነገሩንም ታዲያ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለች ሞሚና፣ ያለ ምንም ቁጣ፤ ተመልሳም ገብሷን ማገላበጥ ያዘች።

ዱጉማ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲቀይስ ድንጋዩንም ጉቶውንም ለክቷል፤ ባለቤቱን መጠየቅ ግን በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ኖሮም አያውቅም። እፍረቱ ፊቱን አጋለው።

ከቀትር በኋላ ጎባ ደርሰው ቢሮ ሲገቡ፣ የክፍሉ ኃላፊ መሸሻ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቃቸው። የሚያምር ካርታ ነው። የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩት መስመሮች በቀለም ተስበው ሜዳውን ለስለስ አድርገው ያቅፉታል። መንደሩ ተመርቆበታል፤ ዱጉማም በስብሰባ ላይ ተመስግኖበታል።

መስመሮቹ ከየት እንደመጡ የሚያውቀው ግን ቀያሽ ብቻ ነው። ዘንግ ያዡ መቆም በቻለበት ሁሉ፣ እዚህም እዚያም፣ ነጥብ ይለካል። ከዚያ ቀያሹ ነጥቦቹን ሦስት ሦስቱን በእርሳስ እያገናኘ ወረቀቱን በሦስት ማዕዘን ይሞላና የከፍታውን ልዩነት በየጎኑ እያካፈለ መስመሩን ያሳልፋል። በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው መሬት እንደ ተወጠረ ቆዳ የተስተካከለ ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ነጥቦቹ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በሞሚና ማሳ ዙሪያ የተለኩት ሦስት ነጥቦች ግን ዘጠና ዘጠና ሜትር ይራራቃሉ። በመካከላቸው የነበረውን ማንም አልለካም። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ እርሳሱ ይፋቃል፤ የተለካውና የተገመተው አንድ መልክ ይይዛል።

"እንዴት ሆነ?" አለ መሸሻ።

"ሦስተኛው ረድፍ ያረፈው ጎድጓዳ መሬት ላይ ነው። ካርታው ስቷል።"

መሸሻ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ። የሚፈለገው ስለ ጎርፉ የመጣውን የምርመራ ቅጽ ሞልተህ መፈረም ብቻ ነው። ቅየሳው ትክክል ነው በል። እርሳሱ ተፍቋል፣ ማን ያየዋል?"

"የመስክ ደብተሩ ላይ ነጥቦቹ አሉ።"

"ደብተር ይጠፋል። ስንት ደብተር ጠፍቶ የለም እንዴ?" ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠመጠመ። "እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፣ ዱጉማ። ሦስት ልጆች አሉህ። ጉቱን አንተ አላሳሰርከውም።"

"ማን አሳሰረው ታዲያ?"

መሸሻ በሩን ከፈተ። "አስራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ።

ለታ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። "እውነቱን ጻፍ፣ ግን ሙሉውን ጻፍ። ባለማሳዋ ከለከለችን በል። እኔም እመሰክራለሁ። ያቀልልሃል።"

"ከለከለችን?"

"አትርገጡብኝ አላለችም?"

"ለመነችን እንጂ አልከለከለችንም። በድንበሩ በኩል አንድ ሰው ብቻ ቢገባ እሺ ትል ነበር። ደግሞስ ከአጨዳ በኋላ መመለስ አንችልም ነበር?" ዱጉማ ካርታውን በመዳፉ ሸፈነው። "አንድ ነገር ልንገርህ? ያን ቀን በመነጽሩ ማሳውን አየሁት። ዳርዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ መሃሉ ግን አረንጓዴ ነበር። ውሃ የሚተኛበት ገብስ ቶሎ አይደርስም። ይህንን የገበሬ ልጅ ሆኜ አጣሁት? አውቄ ነው ያለፍኩት። ቅዳሜ ነበር፣ መኪናዋም ልትሄድብን ነበር፤ ቤቴ መግባት ፈለግሁ። የሴትዮዋ ልመና ለእኔ ሠርግና ምላሽ ሆነልኝ።"

ለታ በሩን ዞር ብሎ አየ። "ይህንን ለማንም አትንገር" አለ።

"ለአምስት ወር አልተናገርኩም። እንዴት እንደሚያቃጥል እኔ ነኝ የማውቀው።"

ዱጉማ ቅጹን ሳበ። ቀዩን ቀለም ከፍቶ በመጀመሪያ ካርታው ላይ ሦስቱን ነጥቦች በማስመሪያ አገናኘ። ያማሩት መስመሮች ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን አረፈባቸው፤ በውስጡም "አልተለካም" ብሎ ጻፈ። ቅጹ ላይ ስህተቱ የማን እንደሆነ በሚጠይቀው ቦታ የራሱን ስም ሞላ፤ ጉቱ ለማያውቀው ጎድጓዳ መሬት ቦይ ሊያስቆፍር እንደማይችልም ጨመረ። ከታች "ያልተለካበት ምክንያት" የሚል ቦታ ቀረ። ብዕሩ እዚያ ሲደርስ ቆመ።

"የሴትዮዋን ስም" አለ ለታ፣ እየለመነ። "አንድ መስመር ብቻ። እሷን ማንም ምንም አያደርጋትም፤ አሮጊት ናት።"

ዱጉማ እውነት ይሆን ብሎ አሰበ። ጉቱንም ማንም ምንም አያደርገውም ተብሎ ነበር።

"የቀያሹ ስንፍና" ብሎ ጻፈና ፈረመበት።

ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት። ቅጹን፣ ካርታውንና ደብተሩን በአንድ ላይ አጥፎ ከኮቱ ስር ያዘ።

"ኃላፊው እስኪመጣ አትጠብቅም?" አለ ለታ።

"እሱ ከመጣ ሐሳቤን ያስለውጠኛል። ቀጥታ ጉቱ የታሰረበት ጣቢያ ነው የምሄደው።" በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "በቤቴ በኩል እለፍና ሚስቴን ሲምቦን ብርድ ልብስ ስጪኝ በላት። ወፍራሙን ጣቢያ አምጣልኝ። ለምን ብላ ከጠየቀችህ እሱ ራሱ ይነግርሻል በላት።"