ጣት የማያባርረው ገጽ

...እና ትልቁን እንዳትወስድ አቅሟ አይችልም፣ ትንሹን እንዳትወስድ ፊደሉ ቅጫም ያህላል፣ ሻጩ ደግሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዴ እሷን አንዴ በጎኗ የታቀፈቻትን ልጅ እያየ፣ ወስኚ እንጂ እህቴ፣ ይላል፣ ልወስን ነው፣ ማን አልወስንም አለ፣ ወስኚ ማለት ለሱ ቀላል ነው፣ እሱ ማንበብ ይችላል። ኢ-ሪደር ነው ስሙ፣ የማንበቢያ ሰሌዳ፣ ብሏታል። እንደ ስልክ ዓይን አይወጋም፣ ልክ እንደ ወረቀት ነው፣ ፒዲኤፍም ይከፍታል። ስልኳም ይከፍታል፣ መክፈቱ መቼ ቸገረ።

ፋይሉ አንድ ነው፣ ስልሳ ገጽ፣ የንግግር ባለሙያዋ በስልክ የላከችላት፣ ሦስት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል ያልወጣት ልጅ ያለቻት እናት በየቀኑ ቤቷ ውስጥ ምን ምን እንደምታደርግ የተጻፈበት። ስልኩ ላይ ሙሉ ገጹን ስታየው አይነበብም፣ በሁለት ጣት ስትለጥጠው ይነበባል ግን መስመሩ በቀኝ በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ ስታሳድደው መነሻው ይጠፋል፣ እሷ እንደ ሌላው ሰው በዓይኗ ጠራርጋ አታልፍ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ነው፣ ል፣ ጅ፣ ዎ፣ ልጅዎ፣ ልጅዎ ምን? ሄደ። ልጅዎ ብሎ ሄደ።

እስካሁን ስታነብላት የነበረችው ጎረቤቷ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ገጹን በአውራ ጣቷ እየገፋች፣ ያው አውሪያት ነው የሚለው፣ አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ አውሪያት። ስልሳ ገጽ ሙሉ አውሪያት ይላል? ጥያቄው አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው፣ በልመና የሚያስነብብ ሰው ምን አፍ አለው። ትናንትማ በሩን እንኳ ሳትከፍት ከውስጥ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ነገ። የሷ ነገ አያልቅም።

ሐሙስ ቀጠሮ ነው። ባለፈው ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ ክፍል ሁለትን አነበብሽው? አዎ። ሞከርሽው? አዎ። ልጅቷስ ምን አደረገች? ምን አደረገች፣ እኔ ምን አውቄ፣ ሳቀች፣ አለች፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ሳቀች፣ ባለሙያዋም ደስ ብሏት ጻፈች፣ የልጄ መዝገብ ላይ ውሸቴ ገባ፣ እንግዲያው ወደ ክፍል ሦስት እንለፍ፣ አለች። እያለፍን ነው። ልጄን ኋላ ጥለን እኔና ባለሙያዋ እያለፍን ነው።

ባሏ ረጅም መንገድ ነጂ ነው፣ ሲደውል፣ አለቃ እንዴት ናት? ይላል፣ አለቃ የሚላት በጣቷ ብቻ ስለምታዝዝ ነው፣ እስቲ ስጪኝ፣ ስልኩን የልጅቷ ጆሮ ላይ ታደርጋለች፣ አለቃዬ፣ አለቃዬ፣ እዚህ ዝም፣ እዚያም ዝም፣ ከዚያ የመኪናው ሞተር ብቻ፣ በይ ቻው። ጆሮዋ ደኅና ነው፣ ተመርምሯል። የምትሰማው ነው የሌለው። እሷም እያደር አፏ ተዘጋ፣ መልስ ለማይሰጥ ሰው ስንት ጊዜ ይወራል፣ ሽንኩርት ስትልጥ ዝም፣ ልብስ ስታሰጣ ዝም፣ ዛሬ የሱቁ በር ላይ ሰላም ዋልክ ስትል ድምፅዋ ሻክሮ ወጣ፣ ጉንፋን ነው? አላት ሻጩ፣ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሌ ነው አይባል ነገር። አዎ፣ ጉንፋን ነው።

ፋይልሽን ልጫንልሽና እዪው፣ ይላል አሁን፣ ትንሹን ወደ ጎን አጋድሞ፣ አየሽ፣ እንዲህ ሲሆን ግማሽ ግማሽ ገጽ ያሳይሻል፣ መስመሩም አይሸሽም። እውነትም ፊደሉ ወፈር አለ፣ ዓይኗ ያዘው፣ ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ሥር ታደርጋለች፣ ብልጭ፣ ሌላ ገጽ። ምን ነካሁ? ገጹን ነዋ፣ ታች ስክሪን እኮ ነው፣ ሲነኩት ይገለጣል። መልስልኝ። ይመልስላታል። ል፣ ጅ፣ ብልጭ። ኧረ እህቴ ጣትሽን አንሺ፣ በዓይንሽ አንብቢ። በዓይንሽ አንብቢ ይላል እንዴ፣ በጆሮዬ ላነብ ነበር? ግን ጣቷን ስታነሳ መስመሮቹ እርስ በርስ ይደባለቃሉ፣ ላይኛው ታችኛው ውስጥ ይገባል፣ የጎልማሶች ትምህርት ያስተማረቻት መምህር ጣትሽን እንዳትለቂ ብላታለች፣ አለቀቀችም። ትልቁስ? ትልቁም ታች ስክሪን ነው። ዛሬ ታች ስክሪን ያልሆነ የለም።

እሺ፣ ዞር ዞር ብዬ ልመለስ፣ ትላለች፣ የማይመለስ ሰው የሚለውን። መውጣት ነው እንግዲህ፣ የልብስ ሰፊዋ በር፣ ነገ፣ ሐሙስ፣ ክፍል ሦስት፣ ክፍል አራት፣ እግሯ ግን እንቢ አለ፣ ምላሷ ቀደመ፣ ወንድሜ፣ እኔ ያለ ጣቴ ማንበብ አልችልም። አለችው። በቃ፣ ወጣ። ይሳቅ ከፈለገ።

አይስቅም። ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መሳቢያ ሰፋ ያለ አሮጌ ነገር ያወጣል፣ ይኼን እንኳ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ያገለገለ ነው፣ መብራት የለው፣ ታች ስክሪን የለው፣ ገጹ የሚገለጠው በጎኑ ባሉት ቁልፎች ነው፣ ጀርባውም ተጭሯል፣ ዋጋውን ከትንሹም አሳንሼ ልስጥሽ። መብራት ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የማነበው በቀን፣ መስኮት ሥር፣ ልጄ ስትተኛልኝ። ፋይሉን ይጭናል፣ ያጋድመዋል፣ ክፍል ሁለት ጋ ያደርስላታል።

ጣቷን ታሳርፋለች። ገጹ ቁጭ። ጫን ትለዋለች። ቁጭ እንዳለ ነው። ድምፅ አውጥታ፣ ሻጩ እዚያው ቆሞ፣ ግድ የለም፣ ል፣ ጅ፣ ዎ፣ ልጅዎ፣ ልጅዎ የሚያየውን፣ የሚያየውን ነገር ይመልከቱ። አራት ነጥብ። እስከ መስመሩ መጨረሻ ደረሰች፣ ብቻዋን። ስሙን አንድ ጊዜ ይናገሩ። ከዚያም ይ፣ ይጠ፣ ይጠብቁ። ይጠብቁ? ይጠብቁ ነው የሚለው፣ አውሪያት ብቻ አይደለም፣ እሷ መቼ ጠብቃ ታውቃለች፣ ትናገርና ትናገርና ተስፋ ቆርጣ ዝም ነው፣ ዝም ማለትና መጠበቅ አንድ መስሏት። ሐሙስ ለባለሙያዋ ትነግራታለች፣ አልሳቀችም፣ እኔም አላነበብኩትም ነበር፣ ወደ ሁለት እንመለስ። ትቆጣ። ትቆጣና እንመለስ።

ልጅቷ አንገቷን አዙራ በሩን ታያለች፣ እሷም ዞራ ታያለች፣ ልጅቷ የምታየውን። ውጭ ጀምሯል፣ ጠብታው ደረጃው ላይ እየፈረጠ። ዝናብ፣ ትላለች። አንድ ጊዜ። እና ልጠቅልልልሽ ወይስ፣ ይላል ሻጩ፣ ቆይ ወንድሜ፣ ቆይ በናትህ፣ የልጅቷ ዓይን ዝናቡን ትቶ ወደ እናቷ አፍ መጥቷል፣ ከንፈሯን ከዳር እስከ ዳር ያየዋል፣ ሻጩ ዝም፣ ሱቁ ዝም፣ እሷ ግን ዝም አላለችም፣ እየጠበቀች ነው፣