ለሮማው ተማሪ ዋስ

ጣሊያን ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ የሚፈልገውን አውቃለሁ። ጤፌን ይፈልጋል፣ በሬዬን ይፈልጋል፣ ወንድሜን ይፈልጋል። ስኳር ይዞ ሲመጣ ግን ምን ፈልጎ ነው ልበል? ጣሊያንን የፈራሁት ስኳር የመጣልኝ ዕለት ነው።

ያመጣው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ወልደ ሩፋኤል ነበር። ኅዳር ነው፤ አውድማ ላይ ጤፍ ስናስወቃ፣ ከደጀን በበቅሎ መጥቶ ስኳሩን በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«እሜቴ ደብሪቱ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ሙላት ሮማ ሄዶ እንዲማር ተመረጠ። መንግሥት ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፣ በመርከብ ወስዶ በመርከብ ይመልሰዋል። ከእርስዎ አንዲት ቁና እህል አይጠየቅም» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ለምን ማለት?»

«ለምን ነዋ! የኔን ልጅ ቀልቦ ማስተማር ለጣሊያን ምኑ ነው?»

ሳቀ። ሳቁ ደግሞ ቶሎ አለቀ፤ ወዲያው በቅሎው ላይ ወጣ።

ሙላት የወንድሜ የእንዳላማው ልጅ ነው። እናቱ ዳዴ ሳይል ሞታበት ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ዲማ ሄዶ ቅኔ ቤት የገባውም ከኔ ጉያ ወጥቶ ነው። እንዳላማው ደግሞ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ከደጀን ቁልቁል የሚወርደውን ካሚዮን ሁሉ መውጫ መግቢያ ያሳጣል። እንግዲህ ዲማ ያን ሁሉ ተማሪ ይዞ ተቀምጦ ጣሊያን ዓይኑን ጨፍኖ ቢያነሳ የእንዳላማው ልጅ ወጣለት? አሄሄ! ሞኝህን ፈልግ!

የባሰው ግን የሙላት ደስታ ነው። በማግስቱ ከዲማ ሲመጣ ጥርሱ አልከደን ብሎት ነበር።

«እትዬ፣ ሮማ ያለው መጽሐፍ ተነቦ አያልቅም አሉ። በግዕዝ የተጻፈ ሳይቀር አለ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ወልደ ሩፋኤል።»

«እሱማ ምን የማይለው አለ! እንጀራውን የሚበላው በምላሱ።»

«የደጀኑ ጣሊያን ሹም ራሱ ለጊዮርጊስ በዓል ዲማ መጥቶ ቅኔ ስቀኝ ሰምቶኛል። በዕውቀቴ ነው የመረጠኝ።»

«ጣሊያን ቅኔ ሰምቶ? የመረጠህ በአባትህ ነው! ጥጃውን አስሮ ላሚቱን ሊጠብቅ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።»

ፊቱ ተለወጠ። ያሳደግሁት ልጅ እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

«ዕድሜዬን ሙሉ የእንዳላማው ልጅ፣ የእንዳላማው ልጅ! አንድ ሰው ሙላት ብሎ ቢጠራኝ እሱም ተንኮል ነው? እኔ በራሴ ለምንም አልበቃም ማለት ነው፣ እትዬ?»

ይባስ ብዬ እሱንም መጠርጠር ጀመርኩ። የጣሊያንኛ ቃል ለብቻው ሲያነበንብ ብሰማው ከነሱ ጋር ምን ያህል እንደከረመ እገምታለሁ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ምን እንደሚበላ በጎን አያለሁ። የገዛ ልጄን! ጣሊያን ካደረገብኝ ሁሉ ይኼ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

እምቢ ብል በጉልበት ይወስዱታል። እሺ ብል በገዛ እጄ ሰጠሁት። ስለዚህ በአገሬ ሕግ ልሟገት ብዬ ተነሳሁ። ሙላትን ይዤ፣ የቅኔ መምህሩን የኔታ ገብረ ኪዳንንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትዬ ደጀን ሄድኩ። ሹሙ ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ወንበር አስወጥቶ ተቀምጦ ነበር።

«ልጄን ወስዶ የሚመልሰው ከሆነ ዋስ ይጥራ!» አልኩ።

ወልደ ሩፋኤል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «እሜቴ፣ መንግሥት እኮ ዋስ አይጠራም!»

«እኛ ዘንድ በግ ወስዶ እመልሳለሁ የሚል ሰው ዋስ ይጠራል። እሱ ሰው ሊወስድ ነው የመጣው። ንገረው ብዬሃለሁ!»

ነገረው። ሹሙ ዋስ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ የኔታም ቀስ ብለው አስረዱት። ዋስ ማለት ሰውዬው በቀጠሮው እንዲቀርብ ቃል የሚገባ ነው፤ ሰውዬው ከቀረ እሱ ራሱ በቀሪው ፈንታ ይቆማል፣ ቢታሰርም ይታሰራል አሉት።

«የኢጣልያ ንጉሥ ዋስ ነው» አለ ሹሙ።

«ንጉሡን የት አግኝቼ ልክሰሰው?»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሹሙም ሳቀና ወደ ወልደ ሩፋኤል ጠቆመ፤ እንግዲያው እሱ ዋስ ይሁን አለ። ወልደ ሩፋኤል ይህን ሲተረጉም ፊቱ ዐመድ መሰለ። እውነት ልጁ የሚመለስ ከሆነ ዋሱ ምን ያስፈራዋል? ሽማግሌዎቹ ግን «በቃ፣ ዋስ ጠርቷል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ሊነሱ ሆነ።

ዞርኩና «የኔታ፣ ከተማሪዎችዎ በቅኔ የሚበልጠው ማነው?» አልኩ።

የኔታ አቀረቀሩ። መዋሸት አይችሉበትም። «ሙላት ጎበዝ ነው» አሉ። «የሚበልጠው ግን አንሙት ነው።»

«እንግዲያው ዕውቀት ከሆነ የሚፈልገው፣ አንሙትን ይውሰድ! ዋስም አንጠይቀው።»

እንደማይወስደው አውቄ ነው። ሹሙ ሲተረጎምለት ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የማን ልጅ ነው?»

«አባቱ ደሀ ገበሬ ነበር፤ ሞቷል» አሉ የኔታ።

ሹሙ እጁን አወናጨፈ። «አይሆንም። የምፈልገው ይኸኛውን ነው።»

እሰይ ልል ነበር፤ ረትቼ የለ! የሙላትን ፊት ሳየው ግን ተውኩት። አንሙት እንደሚበልጠው በመምህሩ አፍ ሰማ፤ ሹሙ ስለ ቅኔው ደንታ እንደሌለውም በጆሮው ሰማ። ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

ሹሙ ግን ሞኝ አልነበረም። የዋስ ነገር ጥሞታል። «ካሚዮኑ የሚነሳው ሐሙስ ነው። ልጁ እስከዚያ ቤቱ ይሰንብት፤ ወዶ የሄደ መሆኑን አገሩ ሁሉ ይይ። ለመቅረቡ ግን እኔም ዋስ እፈልጋለሁ» አለ። ወልደ ሩፋኤልም «እዚህ አገር ዋሱን ጥሎ የሚጠፋ ሰው የለም» ብሎ አረጋገጠለት። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። የኔታ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሙላትን ይዤ ተመለስኩ። ቤታችን ስንቃረብ ቆመ።

«እትዬ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«አውቀህ?»

«አውቄ። ከቀረሁ እርስዎን ያስራሉ።»

«አንተን ከወሰዱ አባትህ በማግስቱ እጁን ይሰጣል። ከሱ ጋር ያሉትም ያልቃሉ። እኔን ቢያስሩ ግን ምን ያገኛሉ? እንዳላማው ለኔ ብሎ ከበረሃ የሚወጣ ይመስልሃል? የአባታችንን መሬት ከተካፈልን ወዲህ ደህና ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም! እንዲያውም እሰይ፣ አረፍኩ ይላል!»

ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረበት። «አንሙት ይበልጠኛል እኮ» አለኝ። ከሁሉ ነገር ይኼ ነው የቆጠቆጠው!

«ቢበልጥህስ? አገር ሰላም ሲሆን ተመለስና ብለጠው። አሁን ሂድልኝ፣ በሞቴ!»

እግሬ ላይ ወድቆ እንደ ልጅነቱ አንቺ አለኝ። «አንቺን ጥዬ?» አለኝ። ጎትቼ አስነሳሁት። ቤት አስገብቼ በሶ ቋጥሬ ሰጠሁት፤ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ቁልቁለት ያዘ። ዞር ዞር እያለ ሲያየኝ እጄን እያወናጨፍኩ አባረርኩት፤ ከዓይኔ ሲሰወር ነው ተቀምጬ ያለቀስኩት።

ሐሙስ ሳይረፍድ፣ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ደጀን ደረስኩ። የካሚዮኑ ሞተር ተነስቶ ይንደቀደቃል። የአካባቢው ሰው እንዲያይ ተጠርቶ ተሰብስቧል። ወልደ ሩፋኤል ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«ሙላትስ?»

«ቀረ።»

«ቀረ ማለት? እሜቴ፣ ምን ነካዎት? ምን ብዬ ነው የምነግረው?»

«የኔታ ያስረዱትን ንገረው። ሰውዬው ከቀረ ዋሱ በፈንታው ይቆማል። ያው ቆሜያለሁ።»

ሹሙ ምን አለች እያለ ይጮሃል። ወልደ ሩፋኤል ተረጎመለት፤ ሹሙም ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

«ይኼንንም ጨምርለት» አልኩት። «ዓይኔ ትንሽ ደክሟል፤ ፊደል የሚያስቆጥረኝ መምህር ትዕግሥተኛ ይሁን።»

ከዚያ ማንም ሳይዘኝ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ካሚዮኑ ላይ ወጣሁ።