ሳይጠየቅ የታለፈ ወሬ

ከዋክብትን የሚያወድስ ሰው ብዙ ጊዜ ጣራ ያለው ሰው ነው፤ ሲሻው ወጥቶ፣ አንጋጦ፣ ሲበርደው ገብቶ፣ ተኝቶ፣ የፈጣሪን ጥበብ ያደንቃል፣ ግርማውንም ይመሰክራል። ቀኑን ሙሉ ሲጭንና ሲያወርድ ውሎ፣ የደከመ ጎኑን በምድረ በዳ ድንጋይ ላይ ለሚጥል ግን፣ ያ ሁሉ ብርሃን፣ ያ ሁሉ ክብር፣ አንዲት ጠብታ ውሃ አይወጣውም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ ስታነብ ሰማዩን ለጊዜው ተወውና ምድሩን እይ።

በቀድሞው ዘመን ወንድይራድ የሚባል ባላምባራስ፣ በባሕሩ ዳር ባለች ከተማ አዲስ ሹመት ሊታደል ነው ሲባል ሰምቶ፣ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ቀድሞ ለመድረስ በመጓጓት፣ አሽከሮቹንም ያዘገዩኛል ብሎ ከቤቱ ትቶ፣ የክብር ካባውን በሣጥን፣ ድንኳኑን በጥቅል አስጭኖ ወደ አፋር ቆላ ወረደ። ጭነቱን የተሸከመችው አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች፤ እርሷም የጫኙ የማንደፍሮ ነበረች፤ ማንደፍሮም ዳዊቱን እኩሌታ ሳያደርስ አባቱ ሞቶበት ትምህርቱን የጣለ፣ ገና በሃያ ዓመቱ ወገቡ የዛለ፣ ከዚያች እንስሳ በቀር እናቱንና እኅቶቹን የሚያበላበት ምንም ነገር የሌለው ጎልማሳ ነበረ። መንገድ የሚመራቸው ሐመዱ የሚባል የአገሩ ሰው ነበር። ባላምባራስ የራሱ በቅሎ ቁልቁለቱ ላይ አንክሳ ስለቀረችበት በእግሩ እየሄደ፣ በየእርምጃው ይነጫነጭ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ግመል የሚነዳ መንገደኛ ከፊታቸው መጣ። በዚያ አገር ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ፣ ስለ ሞተውና ስለ ተወለደው፣ ስለ ሣሩና ስለ ውሃው፣ አንድም ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ፤ ይህንም ዳጉ ይሉታል። ሐመዱ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ቁጢጥ ሲል ባላምባራስ ጮኸበት።

«ተነሥ! የማን ግመል እንደወለደች ልሰማ ነው እኔ ከቤቴ የወጣሁት?»

«ባላምባራስ፣ ሳይጠያየቁ ማለፍ እኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«ነውሩ በእኔ ይሁን! አንተ መንገዱን አሳየኝ።»

ሐመዱ ተነሣ፤ መንገደኛውም ራሱን እየነቀነቀ አለፈ።

ማታ የደረሱበት ጉድጓድ ተንዶ አሸዋ ሞልቶት ነበር። ማንደፍሮ ጣቱ እስኪደማ ማሰ፣ ቆፈረ፤ እርጥበት እንኳ አላገኘም። በስልቻው የቀረው ውሃ የሦስት ሰው ጉሮሮ ማርጠቢያ ብቻ ሆነ። ድንኳኑን ሊተክሉ ቢሞክሩ ካስማው አሸዋው ውስጥ አልያዝ ብሎ ሦስት ጊዜ ተደረመሰባቸው፤ በመጨረሻም ጌታውም ጫኙም መሪውም፣ ነፋሱ አሸዋ በጥርሳቸው መካከል እየበተነ፣ ሜዳ ላይ ተጋደሙ። ባላምባራስም የወደቀ ክብሩን ለማንሣት ያህል ተናገረ።

«እይ እንጂ ማንደፍሮ፣ ይህን የሚያህል ሰማይ አገርህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ ጌታዬ። እዚያ ግን ከሥሩ ምንጭ አለ።»

ሐመዱ በጨለማው ውስጥ ሳቀ።

«አንተን ደግሞ ምን ያስቅሃል?»

«የቀኑ ሰውዬ ትዝ ብሎኝ ነው። ይህን ጉድጓድ አልፎ ነበር የመጣው።»

ማንደፍሮ ድርሻውን በመዳፉ አፍስሶ ለበቅሎዋ ሰጣት፤ እርሷም ውሃው ካለቀ በኋላ ባዶ መዳፉን ስትልስ፣ ስትልስ፣ እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር ነጋ።

ጎህ ሲቀድ ጭነው ሊነሡ ሲሉ አንድ ሽማግሌ ከምሥራቅ ብቅ አለ። ዛሬ ባላምባራስ ራሱ ቀድሞ ተቀመጠ። ሽማግሌው ግን አልቸኮለም፤ የጎሣውን ጤና ጠየቀ፣ የሙታንን ስም ቈጠረ፣ የአንዲት ሙሽራን ሠርግ ከነድግሱ ተረከ። ሐመዱም ቃል በቃል ይተረጕም ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን በቅሎዋ ከነጭነቷ ተንበረከከች።

«ኧረ ውሃውን ጠይቀው፣ ሐመዱ፣ ሞተችብኝ እኮ!» አለ ማንደፍሮ።

«ዝም በል። ካቋረጥነው ከመጀመሪያው ይጀምርልሃል።»

በመጨረሻ የውሃው ተራ ደረሰ፦ ጉድጓዱ ከተናደ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ሰዎች ግን ሌላ ቆፍረዋል፤ እርሱም የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ኋላ፣ ትናንት መንገደኛውን ካገኙበት ስፍራ በስተግራ፣ ከግራሮቹ ሥር ነው።

ማንደፍሮ መጫኛውን መፍታት ጀመረ።

«ማን ፍታ አለህ?»

«ከነጭነቱ አትደርስም፣ ጌታዬ።»

«ካባዬን በረሃ ላይ ልትጥለው ነው? ተከራይቻታለሁ እኮ!»

በዕድሜው ሙሉ ለጌታ መልስ ሰጥቶ የማያውቀው ጎልማሳ እጁን ከመጫኛው ሳያነሣ መለሰ። «የተከራዩት ጀርባዋን ነው፣ ጌታዬ። ነፍሷን አላከራየሁዎትም።»

ሣጥኑም ጥቅሉም አሸዋው ላይ ቀሩ፤ ባላምባራስም ካባዬን አልተውም ብሎ ከዕቃው ጋር ቀረ። ሐመዱ ከፊት፣ ማንደፍሮ ከጎን ሆነው፣ በቅሎዋን እየደገፉ፣ እየለመኑ፣ ስትወድቅ እያነሡ ወሰዷት፤ እኩለ ቀን ላይም ከግራሮቹ ሥር አንገቷን ደፍታ፣ ጎኗ እስኪነፋ ጠጣች። ማንደፍሮም ካጠገቧ ተዘርግቶ፣ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ቆየ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ባላምባራስ ወንድይራድ ድንኳኑን ጥሎ፣ የካባውን ሣጥን በራሱ አናት ላይ ተሸክሞ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደረሰ፤ ሣጥኑንም አውርዶ አንገቱን ዳሰሰ። ሰው የገዛ ችኮላውን በገዛ አናቱ ተሸክሞ እስኪሄድ ድረስ፣ ሌላው ሲሸከምለት የኖረው ምን ያህል እንደሚመዝን አያውቅም።