የዱሎ ድርሻ

ዱሎ የወደቀው የኮኮናት ጠጅ ከሚያወርዱባቸው ዛፎች ከአጭሩ ነው፤ የተረፈውም በዚሁ ነው። ወንድሙ አርካዲዮ ሰክሮ የወደቀው ከረጅሙ ስለነበር በሦስተኛው ቀን ተቀበረ። ዱሎ ግን ሦስት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ተነሳ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደረቱን እየጠቀለለች፣ ሰክሮ ኮኮናት ላይ የሚወጣ ጠጅ አውራጅ ሁለት ጊዜ አይተርፍም አለችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጸሎት ቤቱ ግቢ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች እንደሚሰበሰቡም ሹክ አለችው።

በሌይቴ ደሴት መንደር የሰካራሞችን ስብሰባ አፉን ሞልቶ የሚጠይቅ ማን ነው? ዱሎ ደጃፉ ላይ ያገኛትን ሴት «ስብሰባው የት ነው?» ብቻ አላት፤ እሷም ደስ ብሏት እየመራች አስገባችው። ሲቀመጥ ዙሪያውን አሥራ አራት ሴቶች መቁጠሪያ ይዘዋል። ተነስቶ መውጣት አፈረ። ጠጅ ጠጅ የሚል ላቡን እየጠረገ፣ ከልጅነቱ ወዲህ ያላለውን ጸሎት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያነበንብ ቆየ። ከሴቶቹ አንዷማ ኃጢአተኛ ተመለሰ ብላ አለቀሰች።

ጸሎቱን የሚመሩት ማና ኢሉሚናዳ ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ «ማና» እያለ የሚያከብራቸው፣ ቄሱ እንኳ ቀና ብሎ የማያናግራቸው ሴት። ሌሎቹ ሲወጡ ዱሎን አስቀሩት።

«አንተ የመጣኸው ለዚህ አይደለም» አሉት።

«እንዴት አወቁ፣ ማና?»

«አፍንጫ አለኝ። የምትፈልጋቸው ከኩሽናው ጀርባ ናቸው።»

ቁልፍ አውጥተው ከፈቱለት። እሱን አስገብተው የሚመለሱ መስሎት ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ኢሉሚናዳ እባላለሁ፣ ሰካራም ነኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከቀመስኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው አሉ። ዱሎ ሳቁ ሊያመልጠው ትንሽ ቀረው። ከዚያ ሳያስበው አለቀሰ።

ከእሱ ጋር ስድስት ሆኑ። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል፤ መስኮቱ ግን ተከፍቶ አያውቅም፣ መንገደኛ ይሰማላ። ዱሎም ቢሆን ሁልጊዜ የሚመጣው በባሕሩ ዳር ዞሮ ነው፤ ዋናው መንገድ የሚያልፈው በሚስቱ ወንድም በቴርዮ ዳስ ነውና። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ብርጭቆ በክብ ይዞራል፣ ቴርዮ ይቀዳል፣ የደረሰው ይጨልጣል። እምቢ ማለት ቀጂውን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ መሬት ላይ ይፈሳል፤ የሙታን ድርሻ ነው። አርካዲዮ ከሞተ ወዲህ በእሱ ስም ይፈስሳል።

ዳሱ በዱሎ ላይ ሌላም ቂም ነበረው። መጠጥ ካቆመ ጀምሮ የሚያወርደውን ጠጅ በሙሉ አስኮምጥጦ አቼቶ እያደረገ ይሸጣል። በየመንገዱ መሳለቂያ አደረጉት፤ መቼም የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ ባሕሩ ሞልቶ የዳር መንገዱን ዋጠው። ቤቱ መመለስ ይችል ነበር። ግን ራሱን ያውቃል፤ ዛሬ ከቀረ ሳይመሽ ዳሱ ይገኛል፣ በማግስቱም ሰክሮ ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ በዋናው መንገድ መጣ።

«አቼቶ መጣላችሁ» አለ አንዱ።

ቴርዮ፣ የመቁጠሪያ ሴቶቹ ለአማቼ ቀሚስ እየሰፉለት መሆኑን ሰምቻለሁ አለና ዳሱን በሳቅ ሞላው። ከዚያ ሳቁን ትቶ ብርጭቆውን እስከ አፉ ቀዳና ዘረጋለት።

«ደርሶሃል፣ አማቼ። አርካዲዮ ቢኖር እንዲህ ያሳፍረን ነበር?»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ዱሎ ጠጁን ፈለገው። ምራቁ አፉን ሞላው፣ እጁም ሳያማክረው ሄዶ ብርጭቆውን ያዘ። ዱሎ ብርጭቆውን ዘቅዝቆ እስከ ጠብታው አፈሰሰው።

«ወንድሜ ድርሻውን ከመሬት የሚቀበለው ስለሞተ ነው» አለ። «የእኔን ግን ቆሜ እያለሁ አፍስሱልኝ።»

ቴርዮ ፊቱ ጠቆረ። ከእንግዲህ ላንተ አልቀዳም አለው፤ በዚያ መንደር ይህ ከስድብ ሁሉ ይከፋል።

«ቅዳልኝ እንጂ!» አለ ዱሎ፣ ብርጭቆውን እየመለሰለት። «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ነው የማልፈው። የት እንደምሄድም እንዳትቸገሩ፤ የሰካራሞች ስብሰባ፣ ከጸሎት ቤቱ ኩሽና ጀርባ።»

ሲደርስ ያደረገውን ነገራቸው። ከዚያ ላቡን ጠርጎ፣ መስኮቱን ብንከፍተውስ አለ። ሌሎቹ አራቱ መሬት መሬቱን አዩ። ሁሉም የሚፈራው ሰው አለው፣ አንዱ አማት፣ አንዱ አለቃ።

ማና ኢሉሚናዳ ግን ተነሱ። መቀርቀሪያው ዝጎ እምቢ ቢላቸው ጫማቸውን አውልቀው ደበደቡት። መስኮቱ ተከፈተና ንፋስ ገባ። መናገር ያልፈለገ ዛሬ ዝም ይበል ብለው ሌሎቹን አሳረፏቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ኢሉሚናዳ እባላለሁ» አሉ፣ ጸሎት በሚመሩበት ድምፅ።

መንገድ ላይ ከመቁጠሪያ ሴቶቹ ሁለቱ ቆሙ። ማና አዩዋቸው።

«ሰካራም ነኝ።»

ቀጥሎ ተራው የዱሎ ነበር።